የሚሄዱበት ቦታ፦ ሰማይ

በአገራችን ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ሰካራም፣ አንድ ነገረኛና አንድ ፈልሳፊ ይመደብለታል። ማን እንደሚመድብ አላውቅም፤ ብቻ ሳይጓደል ይደርሰዋል። ስኳር በኩፖን፣ ሳሙና በወረፋ በነበረበት ዘመን እንኳ ፈልሳፊ ጠፍቶ አያውቅም። ሰካራሙን እንደምንም ትችለዋለህ፣ ጧት ይሻለዋል። ነገረኛውንም ሰላም ብለህ ታልፈዋለህ። ፈልሳፊውን ግን ምን ታደርገዋለህ? እቤትህ ድረስ መጥቶ፣ ደህና የነበረ ዕቃህን አገላብጦ አይቶ፣ «ይሄ እኮ ይሻሻላል» ይልሃል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕቃው የለህም።

ለእኛ የደረሰን ክቡር ጋሽ ደምሰው ነው። ክቡር የምለው እኔ ነኝ፤ ሚስቱ እትዬ ተሾመች የምትጠራው በሌላ ስም ነበር፣ እዚህ አይጻፍም። ቤታቸው መካኒሳ፣ ከኑሪ ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሥራው ሻንጣ መጫን ነበር፤ መጀመሪያ ከብስራተ ገብርኤል አጠገብ በነበረው በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ኋላም በአዲሱ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ሆድ ሥር ቆሞ የሰው ጓዝ ሲያቀብል ኖሯል። አንድም ቀን ግን አልተሳፈረም።

«ሰው ስጭን አረጀሁ፤ እኔን የጫነኝ የለም» ይላል። ሰላምታው እሷ ነበረች። እግዜር ይመስገን እንደማለት ነው፤ ደህና አደርክ ስትለው ይህንኑ ይመልስልሃል። ቀጥሎ በጣቱ ከክርኑ እስከ መዳፉ ጫፍ ያሳይህና «እንደ ሀብታሞቹ ደመና አላማረኝም። አንድ ክንድ ትበቃኛለች። ከመሞቴ በፊት እግሬ መሬት ይልቀቅ፣ በቃ» ይላል። በሕይወቱ የለመነው ነገር ይኸው ነው።

እኔ ወጋየሁ እባላለሁ፤ የቀበሌው ጸሐፊ ነበርኩ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ነው።

ወደ መብረሩ ከመድረሱ በፊት ያደረሰብንን ልንገራችሁ። እሜቴ ቀመሪያ በርበሬ ስታሰጣ ዝናብ እየደረሰባት ተማረረች። ጋሽ ደምሰው ሰማ። ወዲያው የዝናብ ደወል ሠራላት፤ ቆርቆሮ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ውሃ ሲሞላ ተደፍቶ ደወል የሚመታ። ምን ያደርጋል፣ ቆርቆሮው እስኪሞላ በርበሬው እዚያው ግቢው ውስጥ ወጥ ሆኖ ቆየ። ሴትዮዋ እሪ ስትል ክቡርነታቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ደወሉ ግን ደውሏል!» ለእሱ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። በርበሬው የእሷ ጉዳይ ነው።

የእኔንም ሬዲዮ አሻሽሏል። ከዚያ በፊት ሲንጫጫም ቢሆን የውጭ አገር ድምፅ ይይዝ ነበር። እሱ ከፍቶ ከገጠመው በኋላ የመንግሥትን ጣቢያ ብቻ፣ ያውም ጥርት አድርጎ መያዝ ጀመረ። ልቆጣው አስቤ ተውኩት፤ በዚያ ዘመን ለቀበሌ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ጥገና አይገኝም።

ታዲያ ፈልሳፊ የሚባል ዘር ሁሉ አንድ ጠላት አለው። የአንዱ የሰው ምቀኝነት ነው፣ የሌላው የመለዋወጫ እጥረት። የጋሽ ደምሰው ጠላት ክብደት ነበር። ረቡዕ ረቡዕ በውይይት ክበቡ ተሰብስበን ሳለ ሊቀመንበሩ ጓድ ቦጋለ «የሰፊው ሕዝብ ጠላቶች እነማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ቢሮክራሲያዊ ከበርቴ። አንድ ቀን ጋሽ ደምሰው እጁን አወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እነሱም አሉ፤ ዋናው ጠላታችን ግን ክብደት ነው» አለ። ጓድ ቦጋለ ለመሳቅም ለመቆጣትም የበላይ መመሪያ አልደረሰውምና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ክብደትን ሊዋጋ የተነሣው ከራሱ ሥጋ ነው። በየሳምንቱ ኑሪ ወፍጮ ቤት ይሄድና ጤፍ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ይወጣል። ኑሪ ደግሞ ወፍጮውን አቁሞ እንደ እህል ይመዝነዋል። የክርስቲያኑን ጾም አንድም ሳይቀር ጾመ፤ አልበቃውም። ረመዳን ሲገባ የኑሪንም ጾም ጨመረበት።

«ጋሽ ደምሰው፣ ወላሂ እኔ አላህን ብዬ ነው የምጾመው። አንተ ለማን ብለህ ነው?» ይለዋል ኑሪ።

«ለሚዛኑ።»

ያ ዓመት ወሎና ትግራይ ሕዝቡ እንደ ቅጠል የሚረግፍበት ዓመት ነበር፤ እኛ በሬዲዮናችን ስለ ምርት ዘመቻ እንሰማለን። አገሩ ሳይወድ በግድ ሲከሳ ጋሽ ደምሰው ወዶ ይከሳል። አንዳንዴ እናደድበት ነበር። ሰው እንዴት በዚህ ጊዜ ስለ መብረር ያስባል? ብዬ። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ጊዜ ሌላ ስለ ምን ይታሰባል?

ዕቃው ተጀመረ። ስም አላወጣለትም፣ «ዕቃው» ነው የሚለው። እትዬ ተሾመች «ጣውንቴ» ትለዋለች፤ እውነቷን ነው። መጀመሪያ የብረት አልጋቸውን ቆረጠው፤ ባልና ሚስት መሬት ላይ መተኛት ጀመሩ። ከአልጋው ብረት ወንበር ያለው ጋሪ ሠራ፣ ሥሩ ሦስት የብስክሌት ጎማ። ክንፉ ቀርከሃ ነው፣ በላዩ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተገኘ ሸራ ተወጥሮበታል። ከወንበሩ ኋላ የቬስፓ ሞተር፣ ከሞተሩ ጋር እንደ ማራገቢያ የሚሽከረከር ጠርቦ ያለሰለሰው እንጨት። ሞተሩ ሲነሳ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ዕንቁላሏን ትታ ትሸሻለች። ቤንዚን በኩፖን ነበርና የሚያስነሳው በሳምንት አንዴ ነው፤ ያውም ለአፍታ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ተሰብስቦ ያይ ነበር። ሁሉም አዋቂ ሆነ። አንዱ ክንፉ አጠረ ይላል፣ አንዱ ወንበሩ በዛ። በፈልሳፊ ግቢ ውስጥ የማይመክር ሰው አይገኝም፤ እኔም መክሬያለሁ፣ ምን እንዳልኩ ግን ረስቼዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ «አለቀ» አለ። ከመካኒሳ በታች ወደ ወንዙ የሚወርድ የሳር ሜዳ አለ፤ ቁልቁለቱን ሮጦ ሊነሳ ነው። ኑሪ «በል እንግዲህ፣ ዛሬውኑ እንግፋህ» አለው።

«ያለ ፈቃድ?»

«ወፍን ማን ፈቀደላት?»

«ወፍ ቀበሌ የላትም» አለ ጋሽ ደምሰው።

ይኸውላችሁ በሽታው። እንዲህ ያለ ፈልሳፊ የትም አገር ያለ አይመስለኝም። ሰማይ ለመውጣት የማይፈራ ሰው፣ ያለ ማኅተም ከበር አይወጣም። ሃያ ሁለት ዓመት ደረሰኝ የሌለው ሻንጣ ነክቶ አያውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጋሽ ደምሰው ደግሞ ወረቀት የያዘ ሞኝ ነበር።

ሰኞ ጧት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቢሮዬ መጣ። በዚያን ጊዜ ደብረ ዘይት ሄዶ የታመመ ለመጠየቅ እንኳ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ጋሽ ደምሰው የመጣው እሷን ፍለጋ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ፎርም እኮ ከከተማ ለሚወጣ ሰው ነው» አልኩት።

«ወደ ጎን ለሚወጣ ከተጠየቀ፣ ወደ ላይ ለሚወጣ እንዴት አይጠየቅም? በል ጽሕፈትህ ያምራል፣ አንተ ሙላልኝ።»

ብዕሬን አነሳሁ። ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቅ።

«የሚሄዱበት ቦታ?»

«ሰማይ።»

«ርቀቱ?»

«አንድ ክንድ። ከተቻለ ሁለት።»

«የጉዞው ምክንያት?»

እዚህ ላይ አሰበ። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገው። «ለማየት በል» አለኝ።

«እዚያ የሚቀበልዎ ሰው ስም?»

«እንግዲህ እዚያ የማውቀው አንድ ነው። እግዚአብሔር ብለህ ጻፍ።»

በቀበሌ ፎርም ላይ፣ በሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የእግዚአብሔርን ስም! ኧረ እኔ የልጆች አባት ነኝ። ሰረዝ አደረግሁበት።

«የሚመለሱበት ቀን?»

«ዕለቱን ነዋ!» ተቆጣ። «ተሾመች ምሳ ሠርታ ትጠብቀኛለች።»

ፈረመ፣ አመሰገነኝ፣ ወጣ። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ያን ወረቀት ቀድጄ መጣል እችል ነበር። «ጋሼ፣ ለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም» ማለትም እችል ነበር፤ ያምነኝ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሳምንት ጓድ ቦጋለ ፊቱን አጥቁሮብኝ ስለ ነበር፣ ትንሽ ይሳቅልኝ ብዬ ከሚፈርምባቸው ወረቀቶች ሁሉ በላይ አስቀመጥኩት። አለቃዬን ላስቅ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብፈልግም አላገኘሁም።

ጓድ ቦጋለ አልሳቀም። ሁለት ጊዜ አነበበው። «አንድ ክንድ የወጣ ሁለት ክንድ ይወጣል፤ ሁለት ክንድ የወጣ ድንበር ይሻገራል» አለና የቀበሌውን ዘበኛ ሁንዴሳን ጠራ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሰው በዚያው በንጹሕ ሸሚዙ መጣ። ፈቃዱ ያለቀለት መስሎት ነበር። ጓድ ቦጋለ ይጠይቃል፣ ቃሉን የምጽፈው እኔ ነኝ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ከኋላህ ማን አለ?»

ዞር ብሎ አየ። «ሁንዴሳ» አለ።

«ወዴት ልትኮበልል ነበር?»

«ጓድ፣ የሚኮበልል ሰው ፎርም ይሞላል?»

እንዲህ ያለ ግልጽ ጥያቄ በዚያ ክፍል ተነሥቶ አያውቅም፤ መልስም አልተገኘለትም። መልስ ስላልተገኘለት ታሰረ። ዕቃውን ስድስት ሰው ተሸክሞ ወደ ቀበሌው ግቢ አመጣው። በንብረት መዝገቡ ላይ «ክንፍ ያለው ወንበር፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ እትዬ ተሾመች ስንቅ ይዛ መጣች። ፎርሙ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ጣቷን እያስከተለች አነበበችው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ፣ እትዬ ተሾመች።»

«ጽሕፈትህ ያምራል» አለችኝና ሄደች። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያመመኝ የለም።

ጋሽ ደምሰው ሦስት ወር እዚያው ቀበሌው እስር ቤት ተቀመጠ። የስንቁን ግማሽ እየመለሰ ይልክላት ነበር፤ አሁንም ለሚዛኑ ነው። በመስኮቱ በኩል ሳልፍ «ወጋየሁ፣ ፈቃዱ ምን ደረሰ?» ይለኛል። ያሳሰረው ፎርሙ መሆኑ አልገባውም። ወይም ገብቶት ነው፤ እኔ እንዳላፍር ብሎ ይሆናል። ይህን እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም፤ ልጠይቀውም አልደፈርኩም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ያ መስከረም ደግሞ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነበር። ከተማው በሙሉ ቀይ ቀለም ተቀባ። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት «እያንዳንዱ ቀበሌ የሰፊውን ሕዝብ የፈጠራ ውጤት ይዞ ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ጓድ ቦጋለ ግቢውን ቢያስስ፣ ከእኔ የጽሕፈት መኪናና ከሁንዴሳ ዱላ ሌላ ምንም የለም። አንድ ነገር ብቻ በጥጉ ቆሟል፣ ክንፍ ያለው።

ድንበር ሊያሻግር ነበር የተባለው ዕቃ በአንድ ሌሊት የአብዮት ፍሬ ሆነ። ክንፉን ቀይ ቀቡት። በቀኙ የብረት ኮከብ፣ በግራው የብረት መዶሻ አሰሩበት። ከላዩ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ ገጠሙ። ጋሽ ደምሰውንም ከእስር አውጥተው ላጩትና ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ሞተሩን እንዳይነካ ሁንዴሳ ከጎኑ ቆመ። መኪና ላይ ተጭኖ በሰልፉ ፊት አለፈ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጫነው ሰው ተገኘ። እኔ ዝርዝር ይዤ ከመኪናው ጎን እራመዳለሁ። ሰዉ ያጨበጭባል። ጎንበስ አለና «ወጋየሁ፣ በዚህ ሁሉ ብረት አሞራም አይነሳም» አለኝ። የከፋው ለመታሰሩ አልነበረም፣ ለብረቱ ነው። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፤ ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር ያዋልነው ሰዎች በየጣራው ጥግ ተሸጎጥን። እሱ ግን ውረድ ያለው ስለሌለ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ በሰበሰ።

በሳምንቱ ተፈታ። ሲፈታ አንድ ወረቀት አስፈረሙት፤ «ከመሬት የሚያስለቅቅ ማናቸውንም ነገር ላልሠራ» ይላል። ማን የጻፈው ይመስላችኋል?

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ፈርሞ ይረሳል። ክቡርነታቸው አይረሱም። የቤቱ ጣራ ማፍሰስ ሲጀምር እትዬ ተሾመች መሰላል ሥራ ብትለው «ፈርሜያለሁ፣ መሰላል ከመሬት ያስለቅቃል» አላት። ስድስት ክረምት ባልና ሚስት ሥር ሥሩ ሳህን እየደረደሩ ኖሩ። የሰው ሬዲዮ መክፈት ተወ። የቀመሪያ በርበሬ በሰላም ደረቀ። ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ ሁሉም ዕቃ እንደ ገዛነው ቀረ። እኔ፣ ያን ያህል ስማረርበት የኖርኩት ሰው፣ ሥራ ስወጣ በደጁ እያለፍኩ መዶሻ ይሰማ እንደሆን ጆሮዬን አቆም ነበር። አይሰማም።

በየወሩ ግን ማመልከቻ ያስገባል፤ «በአደራ የተቀመጠ ዕቃዬ እንዲመለስልኝ»። በየወሩ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ብዬ እመልስለታለሁ። ማንም አያጠናውም። የሁንዴሳ ዶሮዎች ወንበሩ ላይ ይፈለፍላሉ።

ሰማንያ ሦስት ግንቦት ገባ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ደምሰውና ኑሪ እኔ ቤት ነበሩ፤ ያ አንድ ጣቢያ ብቻ የሚይዘው ሬዲዮ ከሁሉም ሬዲዮ የጠራ ነበርና ዜና ሊሰሙ ይመጣሉ። ዜናው ተነበበ። የአገሩ ትልቅ ሰው፣ ስንቱን ድንበር እንዳይሻገር ሲያስጠብቁ የኖሩት ሰው፣ በአውሮፕላን ተሳፍረው ከአገር ወጥተዋል። ኑሪ ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገ።

ጋሽ ደምሰው ሬዲዮኑን እያየ «የይለፍ ወረቀት ይዘዋል?» አለ።

አልቀለደም። የእውነት ነው የጠየቀው፤ አይኖቹ እኔ ላይ ናቸው፣ እኔ ጸሐፊ አይደለሁ? እኔ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፣ ያን ቀን ግን ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ጓድ ቦጋለ ኮፍያውን ሰቅሎ የደረሰበት ጠፋ። ሰዉ የቀበሌውን ግቢ ሰብሮ ገብቶ ጠረጴዛውን፣ ቆርቆሮውን፣ ስኳሩን ያጋዝ ጀመር። ኑሪ እየሮጠ ጋሽ ደምሰው ዘንድ ሄደ። «ተነሣ! ዕቃህን ሳይወስዱት እናምጣው!»

«ማን ፈረመ?» አለ ጋሽ ደምሰው። ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ኑሪ ወደ እኔ መጣና እጁን ዘረጋ። «ወጋየሁ፣ ይህን ሰውዬ አንድ በለው፤ እኔ ልፈነዳ ነው» አለኝ።

ሄድኩ። የሊቀመንበሩ ክፍል ክፍት ነው፤ ማኅተሙ ወለል ላይ ወድቋል፣ ማን ይፈልገዋል? ከመዝገቡ ውስጥ ያችን የሰባ ስድስቷን ፎርም አወጣሁ። ሰረዝ ያደረግሁባት ቦታ ላይ «እግዚአብሔር» ብዬ ጻፍኩ። ከታች «ተፈቅዷል» አልኩና ፈረምኩ፣ ማኅተሙን በትንፋሼ እፍ ብዬ መታሁበት። በዚያ ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ሳልታዘዝ ያተምኩት እሱን ብቻ ነው።

ጋሽ ደምሰው ወረቀቱን ብርሃን ላይ አድርጎ መረመረው። «ቀኑ የዛሬ ነው?» አለ። «የዛሬ ነው ጋሼ» አልኩት። አጥፎ ኪሱ ከተተና ተነሣ።

ዕቃው ልብ ይሰብራል። ሸራውን አይጥ በልቶታል፣ ቀርከሃው ደርቋል፣ ሞተሩ ዝጎ ዝም ብሏል። እትዬ ተሾመች መጥታ ቆማ አየችው። ቤት ገብታ፣ የእርዳታ ስንዴ የመጣበትን ጆንያ ሁሉ አውጥታ ትሰፋ ጀመር። ሦስት ቀን ሰፋች። ኮከቡንና መዶሻውን እኔ ነቀልኩ፤ ቡሎኑን ያኔ በትእዛዝ ያስጠበቅሁት እኔው ነበርኩ። ኑሪ ሞተሩን ሊያስነሳ ግማሽ ቀን ታገለ፤ ወፍጮ የሚያስነሳ እጅ ቬስፓ አቃተው። በመጨረሻ መፍቻውን ይዞ ሞተሩን ከነማራገቢያ እንጨቱ ፈታታው።

«ምን ታደርጋለህ አንተ!» አለ ጋሽ ደምሰው።

«ጋሽ ደምሰው፣ ጠላታችን ክብደት ነው» አለው ኑሪ።

በአራተኛው ቀን ወደ ሜዳው ወረድን። እትዬ ተሾመች አልመጣችም፤ «ሲወድቅ አላይም፣ ምሳ እሠራለሁ» ብላ ለኑሪ ነገረችው። ከሩቅ፣ ከከተማው ማዶ፣ ከባድ መሣሪያ ይሰማል። እኔና ኑሪ በግራና በቀኝ ያዝነው። ጋሽ ደምሰው ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሻንጣ የተሸከመ ሰው፣ ጆንያ ክንፍ ሥር ተቀምጦ ኪሱን ዳበሰ። ወረቀቷ አለች።

«ግፉ!»

ቁልቁለቱን ሮጥን። ጎማዎቹ ጮኹ፣ ቀርከሃው ተንቋቋ፣ ኑሪ «ቢስሚላህ! ቢስሚላህ!» ይላል። ከዚያ እጄ ባዶ ሆነ። ወደቅሁ። ቀና ስል ዕቃው ከፊቴ ይሄዳል፤ ጎማዎቹ እየዞሩ ነው፣ ሥራቸው ግን ሳር የለም። ብርሃን ነው ያለው። እግሮቹ ተንጠልጥለዋል። እስከ አሥር ልትቆጥር አትችልም፣ እስከ አምስት ግን ትቆጥራለህ።

ወደ ቀኝ አዘነበለና ሳሩ ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ ክንፍ ተሰበረ። ሮጠን ስንደርስ ጋሽ ደምሰው ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው። ግንባሩ ትንሽ ደምቷል። ወንዙን ነበር የሚያየው።

«ስንት ነበረ?» አለኝ።

«አንድ ክንድ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ታንሳለች፤ ግን ሌላ ሰው ቢለካት እጣላለሁ።

እጁን ኪሱ ከትቶ ወረቀቷን አወጣት። «ከታች ጻፍባት። ዕለቱን ተመልሷል በል።»

የኑሪን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጌ ጻፍኩ። ኑሪ እያለከለከ ጀርባው አልረጋ ስላለ ጽሕፈቴ ተበላሸ። ቀኑንም አድርግበት አለኝ፣ አደረግሁበት። በዚያ ሳምንት ከዚያች ከተማ ወደ ሰማይ ከወጡት ሁሉ ዕለቱን የተመለሰ እሱ ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ እትዬ ተሾመች ማስታጠቢያና ጆግ ይዛ በራፉ ላይ ቆማለች። የባሏን ግንባር አየችና አስታጠበችው። ኑሪን አስታጠበች። እኔ ከኋላ ቆሜአለሁ፤ ሰባት ዓመት እዚያ ቤት ውሃ አልቀመስኩም። ፊቴ መጥታ ቆመች።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ ተሾመች።»

«ምን ብለህ?»

«ዕለቱን ተመልሷል።»

እጄን እስክዘረጋ ጠበቀችኝ፣ ውሃውንም አፈሰሰችልኝ።